ሌሊቱን የት አደሩ?

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የወባ ትንኝ እዚህ ብትደርስ እንኳ ሌሊቱ ይበርድባታል፤ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ጥገኛ ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ በትንኟ ሆድ ውስጥ ማደጉን ያቆማል። ስለዚህ ደገኛ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ሲመጣ ባለሙያው ቀድሞ የሚጠረጥረው ተስቦን ወይም ታይፎይድን ነው፣ በክረምት ደግሞ በቅማል የሚመጣውን ግርሻ። ጥርጣሬው ተገቢ ነው። የሚጎድለው አንድ ጥያቄ ነው።

መዝገቡ አድራሻ ይጠይቃል። በሽተኛው የደጋ ቀበሌውን ስም ይናገራል፣ ይጻፍለታል፣ አለቀ። ትንኝ ግን የምትነክሰው በሌሊት ሲሆን የሰውን ቀበሌ አታውቅም። የባሶ ሊበን፣ የአዋበልና የደጀን ወረዳዎች አናታቸው ደጋ ነው፣ እግራቸው ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከላይ ቤት ያለው ገበሬ ቆላ ወርዶ ማሽላ ይዘራል፤ እህሉ ሲያፈራም ከዝንጀሮና ከአሳማ ለመጠበቅ እዚያው ማማ ላይ ያድራል። «የት ከርመው ነበር?» ሲሉት «እዚሁ ነኝ» ይላል። አልዋሸም፤ ማሳው የራሱ ነው፣ መንገድ ወጣሁ ብሎ አያስበውም። እኔ የምጠይቀው ስለ ሥራው ነው። «አባቴ፣ ዘንድሮ ማሽላውን ማን ጠበቀ?» ስል «እኔው ነኝ እንጂ፣ ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው» የሚል መልስ ይመጣል። ያኔ ደም ይወሰዳል። (እዚህ ላይ ከፈጣን መመርመሪያው ይልቅ ማይክሮስኮፕ ይሻለኛል፤ ለወባ በተዘጋጀው ስላይድ ላይ የግርሻው ጥምዝምዝ ተህዋስም ይታያል።)

ወጣቶቹ ከዚህም ይርቃሉ። በክረምት ለአረም፣ ከመስከረም ጀምሮ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ፤ በጅምላ ሜዳ ላይ ያድራሉ። ሲመለሱ ወባው አብሯቸው ይመጣል። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ያገረሻል። ጥር ላይ የታመመ ልጅ «ከቆላ ከመጣሁ ስንት ጊዜዬ!» ቢል እውነቱን ነው፤ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የሚያጠፋለትን የ14 ቀን ፕሪማኩዊን ግን ሦስተኛው ቀን ላይ ሲሻለው ትቶት ይሆናል።

ከጥያቄው ቀጥሎ ሁለተኛው ሥራ ግድግዳ ላይ ያለው የወባ ሕሙማን ሳምንታዊ ሠንጠረዥ ነው። ባለፉት 5 ዓመታት በዚሁ ሳምንት ከተመዘገቡት ቁጥሮች ሁለተኛው ትልቁ ይወሰድና መስመር ይሠራበታል፤ የዘንድሮው ሳምንት መስመሩን ካለፈ ወረርሽኝ ይጠረጠራል። ቆላ ላይ ይህ መስመር ተራራ ይሠራል። ደጋ ላይ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይውላል፣ ስለዚህም ሁለት ሰው ብቻ ያሻግረዋል። እነዚያ ሁለት ሰዎች ከመተማ የመጡ ከሆነ ማከም ይበቃል። አንደኛዋ ከቤቷ ርቃ የማታድር እናት ከሆነች ግን በዚያው ቀን ወደ ሠፈሯ መሄድ ነው፤ ጎረቤቶቿን መመርመር፣ ውሃ ያቆረበትን ማየት። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል፤ የሌላው ቢንቢ እጭ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድና የከብት ኮቴ ያጎደጎደው ረግረግ ፀሐይ ካገኘው ለወባ ትንኟ ይበቃታል።

ከቁጥር ሁሉ የምፈራው በሠንጠረዡ ላይ ያለውን ባዶ ሣጥን ነው። ዜሮ ማለት ተመርምሮ ወባ አልተገኘም ማለት ነው። ባዶ ማለት መመርመሪያ አልቋል፣ ወይም መንገድ ተዘግቷል፣ ወይም ስልክ የለም። በክልላችን፣ በአማራ፣ ግጭት ከተነሣበት ከነሐሴ 2015 ወዲህ ባዶው በዝቷል። ባዶውን ዜሮ ብሎ የሚደምር ሰው ወረርሽኙን ጋብ አለ ብሎ ያነበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን ገልጿል። ይህም የተቆጠረው ብቻ ነው።

ደጋውን ያን ያህል ለምን እንጠብቃለን ለሚል፣ በ1950 ክረምትና በ1951 የመጀመሪያ ወራት የሆነውን ማስታወስ ነው። ዝናቡ በዛ፣ ሙቀቱም ከወትሮው ጨመረ፤ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ወዳለው አገር ወጣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 እንደሞተ ይገመታል። የዚያ ከፍታ ሰው በሽታውን ስለማያውቀው ሰውነቱ መከላከያ አልነበረውም። ዛሬ ከደጋ ወርዶ ሰሊጥ የሚያጭደው ልጅም እንደዚያው ነው።

አጎበር ግን ሲታደል የቀበሌው ከፍታ ይታያል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው ቀበሌ ብዙውን ጊዜ ወባማ ተብሎ ስለማይቆጠር አይደርሰውም። ቆላ ያለው ቤት አጎበር አለው፣ ሜዳ ላይ የሚያድረው ደገኛ የለውም። ለእኔ አጎበሩ መሰጠት ያለበት ሰኔ ላይ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ፣ ማጭድ ይዞ ለሚሳፈረው ነው። ጤና ኬላው ስሙንና የሚወርድበትን ቦታ ይመዝግብ፤ ኅዳር ላይ ሲመለስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ሄዳ ደሙን ትመርምር።