የኢስጦኢኮች ትምህርትና የእህል ነጋዴው ጥያቄ

የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 17 ጳውሎስ በአቴና ከኢስጦኢኮች ፈላስፎች ጋር መነጋገሩን ስለሚያወሳ፥ ስማቸው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ይህን የፍልስፍና ወገን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የመሠረተው ዘኖን ሲሆን፥ ስሙም በአቴና ገበያ ዳር ያስተምርበት ከነበረው ባለ ዓምድ መመላለሻ የወጣ ነው። ዛሬ ይኸው ፍልስፍና የዕለት ኑሮ መምሪያ ተብሎ እንደ ገና በሰፊው ይነበባል። ስለዚህ አነባበቡን መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከአዳዲሶቹ መጻሕፍት ብዙዎቹ የሚመሠረቱት ከባርነት ወጥቶ መምህር በሆነው በኤፒክቴቶስ ትምህርት ላይ ነው። እርሱ ነገርን ሁሉ በሁለት ይከፍላል፤ ይኸውም ግምታችን፥ ምኞታችንና ፈቃዳችን በእጃችን ናቸው፤ ሀብት፥ ሹመት፥ ዝናና የገዛ ሥጋችን ግን በእጃችን አይደሉም። ይህ ክፍፍል ፍሬ የሌለው አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ዘዴ ያቆሙት አልበርት ኤሊስና አሮን ቤክ፥ ሰውን የሚያውከው ነገሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ነገሩ የሚይዘው ግምት ነው የሚለው አሳብ መነሻው ከኢስጦኢኮች መሆኑን መስክረዋል። እኛም ይህን አንክድም። የምንነቅፈው ጸሐፊዎቹ የልብን ጸጥታ የትምህርቱ መጨረሻ ማድረጋቸውን ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን፥ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፥ በአቴና ይማር ለነበረው ልጁ ስለ ግዴታዎች የጻፈው መጽሐፍ ነው። በ3ኛው ክፍል እንዲህ ያለ ጥያቄ ይገኛል። በሮዶስ ደሴት ረኀብ ገብቶ እህል ተወድዷል። አንድ ደግ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል፤ ሌሎች መርከቦችም እህል ጭነው ከኋላው እንደሚመጡ አይቷል። ይህን ለሮዶስ ሰዎች ይንገራቸው፥ ወይስ ዝም ብሎ በውድ ዋጋ ይሽጥ? የኢስጦኢኮች መምህር የነበረው የባቢሎኑ ዲዮጋንስ፥ ነጋዴው ሕግ ግለጥ የሚለውን ጉድለት ከገለጠና ካላታለለ፥ ዝም ማለቱ መደበቅ አይባልም ይላል። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን መምህሩን ተቃውሞ፥ የሰው ሁሉ ጥቅም የነጋዴውም ጥቅም ስለ ሆነ ሊነግራቸው ይገባል ይላል። ሲሴሮም በመጨረሻው ከደቀ መዝሙሩ ጋር ይስማማል።

እንግዲህ የዘመኑን መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ነጋዴ ምን ይማራል? ገበያው ቢወድቅ እንዳይታወክ ይማራል፤ ስለ ገዢው ግን አንዳች አይማርም። ዋጋው በእጁ ባይሆንም አፉ በእጁ መሆኑን የሚነግሩት የጥንቶቹ ናቸው።

ሆኖም የጥንቶቹም ከነቀፋ አያመልጡም። ሴኔካ በ47ኛው መልእክቱ ባሮች ሰዎች መሆናቸውን አስተምሯል፤ ይህንኑ ፍልስፍና የተከተለው ማርቆስ አውሬልዮስም፥ በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ161 እስከ 180 ዓ.ም. በሮም ነግሧል፤ ባርነት ግን አልቀረም። የኤፒክቴቶስ ክፍፍል የአንዱን ሰው እጅ ብቻ ስለሚለካ፥ ለአንዱ የማይቻለው ለብዙዎች ኅብረት የሚቻል መሆኑን አያሳይም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአገራችን ምሳሌ በዚህ ረገድ አርቆ ያያል።

በአሳባችን ትዕግሥትን ለራስ ማስተማር ጥበብ ነው፤ ለተበደለ ሰው «በእጅህ አይደለምና ተረጋጋ» ማለት ግን ለበዳዩ ጥብቅና መቆም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኢስጦኢኮችን የሚያነብ ተማሪ «ይህ በእጄ ነውን?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ፥ «በእጄ ባለው ነገር ለባልንጀራዬ ያለብኝ ዕዳ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።