ስም አልባ ዘፈን፣ ቦታ አልባ ምስል፦ ወለጋ በዩቲዩብ ቻናሎች

ስለ አገራችን የዩቲዩብ ቻናሎች የሚባለው ነገር ለሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ቁጥር ቆጣሪ ነው፤ የትኛው ቻናል ስንት ተከታይ አፈራ፣ የትኛው ዘፈን ስንት ሚሊዮን ጊዜ ታየ እያለ ሲያነጻጽር የሕዝብን ጣዕም የለካ ይመስለዋል። ሁለተኛው ወገን ወቃሽ ነው፤ መድረኩ በሐሜት፣ በ«ሰበር» እና በጩኸት ተሞልቷል ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሁለቱም ግን የተሠራውን ሥራ ቀርበው አያዩትም። በተለይ በአማርኛ የሚጻፈው ሂስ በአፋን ኦሮሞ የሚወጣውን እጅግ ብዙ የሙዚቃ ቪዲዮ እንደሌለ ቆጥሮ አልፎታል። ይህ ዳሰሳ የወለጋ ከተሞች የሆኑትን ነቀምቴን፣ ጊምቢን፣ ሻምቡንና ደምቢ ዶሎን ይዞ የሚከራከረው በዚህ ዝምታ ላይ ነው። ታዋቂ ቻናል አሳታሚ ነው፤ አሳታሚም መመዘን ያለበት ባሳተመው ሥራ ላይ ስምንና ቦታን እንዴት እንዳኖረ ነው። በዚህ ሚዛን ብዙ የተወደሱት ይቀላሉ፤ አንዳንድ የተናቁት ደግሞ ይከብዳሉ።

ካሴት ቤቱ ምን አወረሰ?

በዓለም ላይ ለዓመታት ብዙ ተከታይ በማፍራት አንደኛ የነበረው ቲ-ሲሪስ የተባለው የሕንድ ቻናል ነው። ሚስተር ቢስት የተባለው ቻናል የቀደመው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ነበር። ቲ-ሲሪስን እ.ኤ.አ. በ1983 ያቋቋመው ጉልሻን ኩማር ሥራውን ያስፋፋው የመንፈሳዊና የፊልም ዘፈኖችን ካሴት በርካሽ እየሸጠ ነው። ይህ የዘር ሐረግ ለእኛም አዲስ አይደለም። ናሆም ሪከርድስን የመሰሉ ቤቶች ከካሴትና ከሲዲ ገበያ ተነሥተው ቻናል ሆነዋል፤ ምነው ሸዋንና ሆፕ ሚውዚክን የመሰሉት ደግሞ ገና ሲጀምሩ ያንኑ የአሳታሚነት ቦታ ይዘዋል። በአፋን ኦሮሞ የሚሠሩትም መንገዳቸው ይኸው ነው። ስለዚህ ቻናልን ከቴሌቪዥን ጣቢያ ጋር ከማወዳደር ይልቅ ከካሴት ቤት ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ ነው።

ካሴት ቤቱ ገንዘብ ፈላጊ ነጋዴ ነበር፤ ያም ሆኖ አንድ ሥርዓት ነበረው። ከመዳፍ በማትበልጥ የካሴት ሽፋን ላይ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነና ሥራው የት ስቱዲዮ እንደተቀዳ ይጻፍ ነበር። ጽሑፉ አንዳንዴ በመነጽርም ለማንበብ ያስቸግራል፤ ነገር ግን አለ። ዩቲዩብ ከቪዲዮው ሥር ለጽሑፍ የሚሰጠው ቦታ ከዚያ ወረቀት በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ይህ ሰፊ ቦታ አዘውትሮ የሚሞላው ግን በ«ሰብስክራይብ አድርጉ» ልመና፣ በቅጂ መብት ማስጠንቀቂያና በሌሎች ገጾች አድራሻ ነው። ከላይ ርዕሱ «ኒው ኦሮሞ ሚውዚክ» ይልና ዓመተ ምሕረቱን ያስከትላል፤ ከዚያ «ኦፊሻል ቪዲዮ» ብሎ ይዘጋል። ክራሩን ማን እንደመታው፣ ዜማው ከየትኛው ወረዳ እንደተወሰደ፣ ግጥሙ የገጣሚ ይሁን ወይም ከእረኞች አፍ የተለቀመ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። በርዕሱ ላይ የተለጠፈው ዓመተ ምሕረት ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ዘፈኑን ያረጀ ዕቃ ያደርገዋል።

ቸልታው ትንሽ እንዳይመስለን የወለጋ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ቀደምት የአፋን ኦሮሞ ጸሐፊዎቹ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የኦሮሞን ተረት፣ እንቆቅልሽና ዘፈን የያዘውን የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 ምፅዋ አጠገብ በሚገኘው ሞንኩሎ ሲያሳትሙ፣ ከቃል ሀብቱ ብዙው የአስቴር መዋጮ ነበር። ሁለቱም ኋላ ነቀምቴ ገብተው አስተምረዋል፤ ኦኔሲሞስም እ.ኤ.አ. በ1931 ያረፈው እዚያው ነው። ሆኖም ለረጅም ዘመን ስሙ ጎልቶ ሲነሣ የኖረው የእርሱ ነው፤ የእርሷን ድርሻ ለማጉላት የኋላ ተመራማሪዎች ብዙ ደክመዋል። የባለሙያ ስም አንዴ ከተዘለለ መልሶ ለማግኘት ትውልድ ይፈጃል።

ማን ተቆጠረ?

የዕይታ ቁጥር የሚመዘግበው በመድረኩ ላይ የተከፈተውን ብቻ ነው። በወለጋ ከተሞች ደግሞ የዘፈን ሕይወት ከመድረኩ ውጭ ይረዝማል። አንድ ሰው ያወረደው ዘፈን ወደ ሞባይል ቤት ይገባል፤ ከዚያ በሚሞሪ ካርድ ይጫናል፣ በፍላሽ ወደ ሚኒባስ ይሄዳል፣ ከስልክ ወደ ስልክ ዜንደር በተባለው መተግበሪያ ይተላለፋል። ከነቀምቴ አዲስ አበባ ባለው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በአንድ ፍላሽ ላይ ያለ ዘፈን ስንት ጆሮ እንደሚደርስ የትኛውም ቆጣሪ አያውቅም። የገበያ ቀን ጊምቢ ወርዶ ካርዱን አስሞልቶ የሚመለስ ገበሬ በደረጃ ሰንጠረዡ ውስጥ የለም፤ የዚያን ዘፈን ዕድሜ የሚወስነው ግን እሱ ነው።

የተቆጠሩትም ቢሆኑ እኩል ዕድል አላገኙም። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብ፣ በምሥራቅና በቄለም ወለጋ እንዲሁም በሆሮ ጉዱሩ ኢንተርኔትና በብዙ ቦታም ስልክ ተቋርጦ ነበር። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል አገሩ በሙሉ ከሦስት ሳምንት በላይ ከኢንተርኔት ውጭ ሆነ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዩቲዩብን ጨምሮ ዋና ዋና ማኅበራዊ መድረኮች ታግደው ቆዩ፤ ቪፒኤን የሚያውቅ አየ፣ የማያውቅ ቀረ። እንዲህ ባለ ጊዜ የተሰበሰበ ቁጥር በአመዛኙ የሚናገረው በውጭ አገር እንደ ሚኒያፖሊስ ባሉ ከተሞች ስላለውና ስለ አዲስ አበባ ተመልካች ነው። የነቀምቴን ሕዝብ ጣዕም ከዚያ ሰንጠረዥ የሚያነብ ሰው በሌላ ሰው ድምፅ ላይ እየፈረደ ነው። ቁጥሩን ማስታወቂያ ነጋዴ ይጠቀምበት፤ ለሐያሲ መነሻ ሊሆን አይገባም።

ከላይ የታየች ምድር

ከሥራው ጠባይ ሁሉ በብዛት የሚደነቀው ድሮን ነው። ብዙ የአፋን ኦሮሞ የሙዚቃ ቪዲዮ በድሮን ይከፈታል፦ ካሜራው ከዛፍ ጫፍ ይነሣል፣ አረንጓዴ ተረተር ይገለጣል፣ የጥርጊያ መንገድ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ዘፋኙ በገደል አፋፍ ላይ እጁን ዘርግቶ ይታያል። ለዚህ ፍቅር ምክንያት አለው። ገጠሩን ለዘመናት በስክሪን ያየነው የልማት ዘገባ ወይም የችግር ዜና ሆኖ ነው። አንድ ወጣት ባለሙያ የአገሩን ምድር በሰፊው፣ በኩራትና በውበት ማሳየቱ ዕዳ መክፈል ነው። የመጀመሪያዎቹ እንዲህ ያሉ ቪዲዮዎች ሲወጡ የተሰማው ደስታም እውነተኛ ነበር።

ልማድ ሲሆን ግን ድሮኑ ሊያሳየው የወጣውን ነገር መልሶ ይሰውረዋል። ወለጋ አንድ ዓይነት ምድር አይደለችም። የሻምቡ ደጋ የሆሮ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነው፤ ዴዴሳ ሸለቆ ሙቀት የሚያጥለቀልቀው ቆላ ነው፤ ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎ ያለው ደግሞ የቡና አገር ነው። ከመቶ ሜትር ከፍታ ሦስቱም አንድ አረንጓዴ ናቸው። የቡናው ነገር ከሁሉም ግልጽ ነው። በዚያ አገር ቡና የሚበቅለው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ስለሆነ ከላይ የሚታየው የዛፉ አናት ብቻ ነው፤ ተክሉም፣ ቀዩ ፍሬም፣ ለቃሚዋም ከምስሉ ውጭ ይቀራሉ። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምት» እየተባለ በቦታው ስም ይሸጣል። ስለዚያው ቡና የተዘፈነው ዘፈን ግን የትም ሊሆን በሚችል ጫካ ላይ ይንሳፈፋል።

ሁለተኛው ጉዳት በድምፅና በገላ መካከል የሚፈጠረው ርቀት ነው። ጌረርሳ የተባለው የኦሮሞ የጀግንነት ዘፈን ከደረት የሚወጣ ነው። ገራሪው ቆሞ፣ ዱላውን ይዞ፣ ትንፋሹን እየቆጠበ ስንኙን ሲጥል አድማጩ ፊቱን እያየ ይመልሳል፤ ግማሹ ትርጉም ያለው በፊቱ ላይ ነው። ድምፁ ጆሮ ሥር ቀርቦ ሲቀዳ ምስሉ ግማሽ ኪሎ ሜትር ከራቀ፣ ተመልካቹ የሚሰማውን ሰው ማየት አይችልም። የጭፈራውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከአናት የታየ ጭፈራ ቅርጹን እንጂ ትከሻውን፣ አንገቱንና የዓይን ጨዋታውን አያሳይም።

ሦስተኛው ጉዳት ከውበት ያለፈ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በምዕራብ ኦሮሚያ የድሮን ጥቃት ዜና ደጋግሞ ተሰምቷል። ሰማይ ላይ የሚንጫጫ ነገር ሰው በሚያሸሽበት አገር፣ ያንኑ የሰማይ ዕይታ የፍቅር ዘፈን መክፈቻ ማድረግ ያለ ማሰብ የሚደረግ ምርጫ መሆን የለበትም። አንድ ዳይሬክተር ይህን አስቦበት ቢጠቀምበት ታላቅ ሥራ ሊወጣው ይችላል። አሁን የሚታየው ግን ኪራዩ ስለተገኘ ብቻ የሚበር ካሜራ ነው።

ቦታን ያለ ድሮን ማምጣት እንደሚቻል ትልቁ ማስረጃ የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ማላን ጅራ» በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ ቦታዎችን በስማቸው ይጠራል፤ ምድሩ የሚመጣው ከስሙ ነው። በ2010 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ ለተፈናቀሉ ወገኖች በተዘጋጀው ኮንሰርት ላይ ያቀረበው ዝግጅት ደግሞ በኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትዎርክ ቀጥታ ሲተላለፍ ተራራም ሜዳም አልነበረውም። የነበረው ላብ ያራሰው ፊት፣ ማይክሮፎንና አብሮ የሚዘፍን ሕዝብ ነው። ያ ቀረጻ በየቻናሉ እየተቀዳ የኖረው ፊቱ ስለሚታይ ነው።

የተናቁት ሁለቱ

ከዝነኞቹ ጎን ሐያሲ የማያነሣቸው ሁለት ዓይነት ቪዲዮዎች አሉ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነው። ወለጋ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጠንካራ መሠረት ነው፤ በአፋን ኦሮሞ የሚዘመረው መዝሙርም በዩቲዩብ ሰፊ አድማጭ አለው። ብዙው አቀራረብ ቀላል ነው። መዘምራኑ በአንድ ዓይነት ልብስ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ ይቆማሉ፤ ካሜራው ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ይሄዳል። አሰልቺ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ ቀስታ ውስጥ ዝነኛው ቪዲዮ ያጣውን አገኛለሁ፦ እያንዳንዱ ፊት ይታያል፣ አፍና ድምፅ ይገናኛሉ፣ ርዕሱም ዘወትር የመዘምራኑን ስምና የመጡበትን ከተማ ይይዛል። የነጆ ይሁኑ የመንዲ ይታወቃል።

ሁለተኛው ከዚህም የተናቀ ነው፦ አንድ የማይንቀሳቀስ ፎቶግራፍ፣ ከበስተኋላው የድሮ ካሴት ድምፅ። በ1988 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተገደለው ዘፋኙ ኢቢሳ አዱኛ ዛሬ በዩቲዩብ የሚኖረው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ካሴቱ ተቀድቶ፣ ቅጂው እንደገና ተቀድቶ፣ የቴፑ ሽርሽርታ ከድምፁ ጋር ተዋህዶ፣ አንድ የማናውቀው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጭኖታል። ገንዘብ አያገኝበትም፤ ምስጋናም የለውም። ከፎቶው በቀር የሚታይ ነገር ስለሌለ ዓይናችን ሥራ ፈትቶ ጆሯችን ይነቃል፤ ስንኙን እስከ መጨረሻው እንሰማለን። ይህን ዘፈን በሕይወት ያቆየው ትልቅ ድርጅት አይደለም፤ የአንድ አድማጭ ፍቅር ነው። በእኔ ግምት ከዚህ ትሑት ሥራ የበለጠ ለኦሮሞ ሙዚቃ የዋለ የዩቲዩብ የወርቅ ሽልማት ያገኘ ቻናል የለም።

የ«ሰበር» ዕዳ

ስለ ዜና ቻናሎች ብዙ ተብሏልና በአጭሩ እናልፋለን። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ ብዙ ሰላማውያን፣ አብዛኞቹ አማሮች፣ ሲጨፈጨፉ የየወገኑ ቻናሎች በየሰዓቱ «ሰበር» አሉ። የሟች ስም የዘረዘረ፣ መንደሩ የት እንደሆነ በካርታ ያሳየ፣ ከወር በኋላ ተመልሶ የተረፉትን የጠየቀ ጥቂት ነው። ጩኸቱ ካለፈ በኋላ ወለጋ ለብዙው አድማጭ የሞት ቃል ብቻ ሆና ቀረች። በዘፈኑ ቪዲዮ ቦታ አልባ ውበት የሆነችው ምድር በዜናው ቦታ አልባ መከራ ሆነች። ጥፋቱ አንድ ነው፤ በዜናው ግን ይቅር የሚባል አይደለም፣ ምክንያቱም እዚህ የተዘለለው ስም የሞተ ሰው ስም ነው።

ሐያሲው ምን ይጠይቅ?

ቻናሎቹ ድሃ አይደሉም፤ የጎደላቸው ጠያቂ ነው። እያንዳንዱ የዘፈን ቪዲዮ ከሥሩ የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውን፣ የአቀናባሪውንና የተጫዋቾቹን ስም፣ የተቀረጸበትን ቦታና ዜማው የመጣበትን አካባቢ ይያዝ። የቃል ቅርስ ከሆነ የነገረው ሰው ይመስገን። ድሮን የሚያስነሣ ዳይሬክተር ከዚያ በፊት ካሜራውን በቡናው ዛፍ ሥር ይዞ ይግባ። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የቋንቋና የፎክሎር መምህራን የድሮ ካሴት ለጫኑት ሰዎች ዕውቅና ቢሰጡና ከእነርሱ ጋር ተቀምጠው የዘፈኖቹን ታሪክ ቢመዘግቡ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማንም ተቋም የሌለው ቤተ መዛግብት ይኖራቸዋል። በአማርኛ የምንጽፍ ሐያስያን ደግሞ አፋን ኦሮሞን ካልሰማን ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ በሙሉ ድፍረት መናገር ይብቃን። ታዋቂነትን መለካት ለመድረኩ ባለቤት እንተውለት፤ የእኛ ሥራ ማን እንደሠራው፣ የት እንደሠራውና ለማን እንደሠራው መጠየቅ ነው።