ከመድረክ ወደ ልብ ወለድ፤ ቴዎድሮስና የጋፋት መንገድ

በመድረክ የታየ ታሪክ በልብ ወለድ መልክ ዳግመኛ ሲጻፍ የሃያሲ የመጀመሪያ ጥያቄ ደራሲው ለምንጩ ምን ያህል ታማኝ ሆነ የሚለው ሊሆን አይገባም። ተውኔት በባሕርዩ ሊያሳየን ያልቻለውን ነገር ልብ ወለዱ አሳየን ወይ? የሚለው ነው። ማርጋሬት አትዉድ የሼክስፒርን «ማዕበል» እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ካናዳ እስር ቤት አምጥታ ስትጽፍ፣ ካሚላ ሻምሲም በ2017 የሶፎክልስን «አንቲገኒ» በዘመናችን በብሪታንያ በሚኖር የፓኪስታን ተወላጆች ቤተሰብ ውስጥ ስታኖራት፣ ለዚሁ ጥያቄ መልስ መስጠታቸው ነበር።

በእኛ ሥነ ጽሑፍ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ምሳሌ የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ነው። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» ተውኔት በ1942 ዓ.ም. ታተመ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ1950ዎቹ በእንግሊዝኛ በጻፈው ተውኔት እኒሁኑ ንጉሥ መድረክ ላይ አቆማቸው። ከግርማቸው በኋላ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» በ1958፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ደግሞ በ1961 ዓ.ም. ተከተሉ። ልብ ወለድ ጸሐፊዎቹ ተውኔት ገለበጡ ማለታችን አይደለም፤ አለቃ ዘነብ በአማርኛ የጻፉት ዜና መዋዕልም ሆነ የሽማግሌ ትረካ ለሁሉም ክፍት ነበር። ነገር ግን መድረክ ቀድሞ የያዘው ታሪክ ለተከታዩ ብዕር ቅርጹን ማውረሱ አይቀርም።

የወረሰው ቅርጽ መቅደላ ነው። ከፍ ያለ አምባ፣ ከሥሩ የሰፈረ የጠላት ጦር፣ ጥቂት ታማኞች፣ አንድ ሽጉጥ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነው ሁሉ ጸሐፌ ተውኔት አስቦ ያዘጋጀው የመጨረሻ ገቢር ይመስላል። ለመድረክ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ለልብ ወለድ ግን ወጥመድ ነው እላለሁ። መጨረሻው አስቀድሞ እንዲህ ደምቆ ሲታይ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ከመጋረጃ በስተኋላ የሚሰማ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራልና።

መንገዱ የሚነሣው ከደብረ ታቦር ነው። ከተማይቱ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ነበረች፤ ካሣ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ድል ያደረጉት ራስ ዓሊም የባለቤታቸው የተዋበች አባት ነበሩ። ንጉሡ የአማታቸውን ከተማ መናገሻቸው አደረጉ። በአጠገቧ ጋፋት ላይ እነ ዋልድማየር ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ወናፉን እያናፉ ሴባስቶፖልን አቀለጡ። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ሠራዊቱ ይህን ብረት እየጎተተ፣ ገደሉን እየናደ መንገድ እየጠረገ፣ በቤተ ሖር፣ በጅጣ ሸለቆ፣ በዋድላና በደላንታ አድርጎ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። በዚያው ዘመን የበጌምድር ገበሬ ጎተራው ተዘርፎ፣ ቤቱ ተቃጥሎ፣ ገሚሱ ሸፍቶ ነበር።

እነዚህን ስድስት ወራት የትኛው መድረክ ይችላቸዋል? አንድ ተዋናይ ወጥቶ «መድፉ ተጎተተ» ብሎ ይነግረናል እንጂ ድካሙን አያሳየንም። ልብ ወለድ ግን ጊዜም ቦታም አለው። ገመዱ የላጠው መዳፍ ውስጥ፣ ወይም በጉና ግርጌ የዘር እህሏን ከወታደር ዓይን በምትሸሽግ ባልቴት ጓዳ ውስጥ ገብቶ ምዕራፍ ሙሉ ሊቀመጥ ይችላል።

የሁለቱ መጻሕፍት አርእስት ብቻ እንኳ ብዙ ይናገራል። «አንድ ለናቱ» የሚለው ስም ብቸኛውን ጀግና ከሌላው ሁሉ ነጥሎ ያቆመዋል። አቤ ታሪኩን ከንጉሡ ልጅነት መጀመሩና በስፋት መሄዱ ልብ ወለድ ለሚሰጠው ነፃነት ዋጋ መስጠቱን ያሳያል፤ ፍቅሩ ግን ከመድረኩ ፍቅር አይለይም፤ ብርሃኑን በአንድ ሰው ላይ ያበራል። ብርሃኑ ዘሪሁን የጎንደር ልጅ እንደመሆኑ የበጌምድርን እንባ ለማድመጥ ከማንም የቀረበ ነበር፤ አርእስቱ ላይ ያነባው ግን ንጉሡ ነው። ይህን የምለው ሁለቱን መጻሕፍት ለማሳነስ አይደለም። የዘመናቸው ጥያቄ አገር አንድ የሚያደርግ ባለ ራእይ መሪ የት ተገኘ የሚል ነበርና ለዚያ በሚገባ መልሰዋል።

ከውርሱ በከፊል ያመለጠው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝኛ ያሳተመው ልብ ወለድ የሚተርከው ካሣ ከሽፍትነት ተነሥቶ ዙፋን እስኪይዝ ያለውን ነው። የመቅደላን ሽጉጥ ከፊቱ ስላላስቀደመ ካሣን የሚያጅበው ሰው ሁሉ መጨረሻውን እንደማያውቅ ሰው ይራመዳል፤ አንባቢም አብሮ ይጠራጠራል። የቀረው እኩሌታ፣ ማለትም ከጋፋት ምድጃ እስከ ደላንታ ያለው፣ በዚያ ዓይነት ዓይን ሊጻፍ ይገባዋል። ያን መጽሐፍ የሚጀምር ደራሲ ከንጉሡ ድንኳን ይልቅ የመድፉን ገመድ ከያዙት ባለ እጆችና ወታደሮች አንዱን ቢመርጥ፣ ሴባስቶፖል ራሱ ዛሬም በዚያው በመቅደላ አምባ ላይ ተጋድሞ ይጠብቀዋል።