አይብ በፈረንጅ ሚዛን

በስደት አገር ባሉ ቤቶቻችን አንድ አዲስ የግብዣ ሥርዓት እየተለመደ መጥቷል፤ የአይብ ቅምሻ። አምስት ስድስት ዓይነት አይብ በእንጨት ገበታ ላይ ይደረደራል። ቅዝቃዜው ጣዕሙን እንዳይደብቀው ጋባዡ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ከማቀዝቀዣ ያወጣዋል። እንግዶችም ከለስላሳው ጀምረው ወደ ብርቱው እየተሻገሩ ትንሽ ትንሽ ይቆርሳሉ፤ የቀመሱትንም በቃል ይገልጻሉ።

ይህን ሥርዓት ባዕድ ስለሆነ አልነቅፈውም። ማስተዋልን ያስተምራልና። ፈረንሳይ የሮክፎርን ስም እ.ኤ.አ. በ1925 በሕግ አስከብራለች፤ ይሁንና በዋሻ የበሰለውን የበግ ወተት አይብ ከአስመሳዩ የሚለይ ቀማሽ ከሌለ ሕጉ ብቻውን ምን ይፈይዳል?

ቅሬታዬ በሚዛኑ ላይ ነው። በዚህ ገበታ ማዕረግ የሚሰጠው ዕድሜ ነው። ሮክፎር ቢያንስ 90 ቀን፣ ኮምቴ ደግሞ ቢያንስ 4 ወር ካልቆየ በስሙ አይጠራም። የእኛ አይብ ግን የሚከበረው በትኩስነቱ ነው። እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው በመለስተኛ እሳት ይሞቃል፤ አይቡ ከአጓቱ ተለይቶ ይንጠፈጠፋል፤ ብዙም ሳይቆይ ይበላል። ዕድሜ በሚዳኝበት ገበታ ላይ ብቻውን ሲቀርብ ጣዕም የሌለው ጀማሪ ይመስላል። በተጋበዝሁባቸው አንዳንድ ቤቶችም ከነጭራሹ ተትቷል።

ፍርዱ ትክክል አይደለም፤ አይባችን ብቻውን እንዲቀመስ አልተሠራምና። ክትፎውና ዶሮ ወጡ ጠያቂዎች ናቸው፤ እርሱ መላሽ ነው። በሕክምና ዓይን ሲታይም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን የሚጥሚጣውን አቃጣይ ቅመም ይዞ ከምላስ ያነሣዋል፤ ውኃ ግን ይህን ማድረግ ይሳነዋል። እናቶቻችን የፕሮቲኑን ስም ባይሰሙም ሥራውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ቅምሻው ይቅር አልልም፤ ገበታው ይስፋ እንጂ። በአንዱ ጫፍ ኮምቴውና ሮክፎሩ ይቀመስ፤ በሌላው ጫፍ በዚያው ጠዋት የተሠራ አይብ ከጎመን፣ ከሚጥሚጣና ከእንጀራ ጋር ይቅረብ። በስደት የተወለዱ ልጆቻችን አይብ ምን እንደሆነ የሚማሩት ከዚህ ገበታ ነው። የእኛው ከዚያ ከጎደለ፣ አያቶቻቸው አይብ የማያውቁ ሰዎች እንደነበሩ ቢያስቡ ልንወቅሳቸው አንችልም።