«ኢት» ባለበት ሁሉ የይስሙላ ባለቤት ነውን?

በእንግሊዝኛ ሰዋስው ማስተማሪያና በትርጕም ሥራ ዘንድ አንድ የተለመደ አገላለጽ አለ። «ኢት» የተባለው ተውላጠ ስም የሚያመለክተው ነገር ሳይኖር በዐረፍተ ነገር መነሻ ላይ ሲቀመጥ፣ ዐረፍተ ነገሩ ያለ ልዩነት «የይስሙላ ባለቤት ያለው» ይባላል። ይህ አጠራር የተለያዩ አሠራሮችን በአንድ ስም ስለሚያጠቃልል ጕዳቱ ከስያሜ አልፎ ትርጕምን ያፋልሳል።

ስለ መንዝ ሰፊ ሐተታ ያለበትን የዶናልድ ሌቪንን «ዋክስ ኤንድ ጎልድ» (1965 እ.ኤ.አ.) የመሰለ መጽሐፍ ለመተርጐም የተነሣ ሰው ከችግሩ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ከዚያው አገር ሦስት ምሳሌዎች እናቅርብ፦

1. «ኢት ኢዝ ኮልድ ኢን መንዝ»፦ መንዝ ይበርዳል።
2. «ኢት ኢዝ ትሩ ዛት መንዝ ኢዝ ኮልድ»፦ መንዝ ብርዳም መሆኑ እውነት ነው።
3. «ኢት ዎዝ ፍሮም መንዝ ዛት ነጋሢ ሮዝ»፦ የሸዋ ነገሥታት አባት ነጋሢ የተነሡት ከመንዝ ነው።

በመጀመሪያው፣ እንግሊዝኛ የባለቤትን ቦታ ባዶ መተው ስለማይወድ «ኢት» ቦታውን ይሞላል። አማርኛ ግን እንደ «መሸ» እና «ነጋ» ሁሉ፣ በ«ይበርዳል» ውስጥ ያለው የሦስተኛ መደብ ምልክት ይበቃዋል። በሁለተኛው እውነተኛው ባለቤት «መንዝ ብርዳም መሆኑ» ነው፤ ወደ ኋላ ስለ ተገፋ «ኢት» ቦታውን ይጠብቅለታል። በሦስተኛው ግን አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ክፍል ለብቻው ጐልቷል። ዴንማርካዊው ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን «የተሰነጠቀ ዐረፍተ ነገር» ያለው ይህን ነው። እርግጥ በዚህም ቢሆን «ኢት» ይስሙላ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ቢሆንም የአንድ ቃል ባሕርይ የዐረፍተ ነገሩን ጠቅላላ አሠራር ሊሰይም አይችልም።

መለያው ቀላል ነው። ከሦስተኛው «ኢት ዎዝ» እና «ዛት» ቢወጡ የቀሩት ቃላት ተመልሰው ይገጥማሉ፦ ነጋሢ ከመንዝ ተነሡ። በሁለተኛው ላይ ይኸው ቢሞከር «እውነት» የሚለው ቃል መግቢያ ያጣል። በመጀመሪያው ደግሞ ግሥ ያለው ዐረፍተ ነገር አይቀርም።

ተርጓሚው ይህን ባይለይ ምን ይጐድላል? «ነጋሢ ከመንዝ ተነሡ» ተራ ዜና ነው። «የተነሡት ከመንዝ ነው» ግን ሌላ ስፍራ ለሚጠቅስ ሰው የተሰጠ መልስ ነው። ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ቢወርድ ቃላቱ እንዳሉ ሆነው የጸሐፊው ክርክር ይጠፋል። «እሱ ከመንዝ ነበር ነጋሢ የተነሡት» ተብሎ በቁሙ ቢገለበጥ ደግሞ አንባቢው «እሱ» ማን እንደ ሆነ ሲፈልግ ይደክማል።

ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይደርሳል። አማርኛ ይህን አሠራር ከእንግሊዝኛ ይልቅ ያዘወትረዋል። «ማን ነው የመጣው?» ስንል ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ያለ ልዩ አጽንዖት ነው፤ በእንግሊዝኛም «ሁ ኬም?» ይበቃዋል። ደግሞም «የመጣሁት እኔ ነኝ» በሚለው «ነኝ» ከባለቤቱ ጋር ሲስማማ፣ የእንግሊዝኛው «ኢት ኢዝ» በማናቸውም መደብ አይለወጥም። ስለዚህ የቅርጽ መመሳሰል ብቻውን የአገባብ አቻነትን አያረጋግጥም።

እንግዲህ «የይስሙላ ባለቤት» የ«ኢት»ን ተግባር ብቻ ይሰይም። «ስንጥቅ ዐረፍተ ነገር» ደግሞ በስያሜ መዝገብ ውስጥ የራሱ ፍችና የራሱ ምሳሌ ያለው ሌላ ቃል ሆኖ ይግባ። ሁለቱን ሳይለይ የሚያልፍ መዝገብ ተርጓሚውን ከማገዝ ይልቅ ያሳስተዋል።