የቆሰለ አውሬ ዕዳ፦ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ስለ አደን ሥነ ምግባርና ዱካ ስለ መከታተል

በኢትዮጵያ የአደን ልማድ ውስጥ ትልቁ ክብር ሲሰጥ የኖረው ለግዳይ ነው፤ ግዳይ ማለት አዳኙ የጣለው አውሬ፣ ሲሰፋም ስለ መጣሉ ማስረጃ ይሆነው ዘንድ ይዞት የሚመለሰው ቆዳ፣ ቀንድ ወይም ጥርስ ሲሆን፣ ፉከራውም ቀረርቶውም የሚያወሳው ይህንኑ የመጣል ቅጽበት ነው። ይሁን እንጂ የአደን ሙያ በእውነት የሚፈተነው አውሬው ሲወድቅ ሳይሆን ቆስሎ ሳይወድቅ ሲቀር ነው፤ በአንድ ምት መጣል የዓይንና የእጅ ችሎታ፣ አንዳንድ ጊዜም የዕድል ጉዳይ ሲሆን፣ ቆስሎ ያመለጠን እንስሳ ተከታትሎ ስቃዩን ማሳጠር ግን ዕውቀትንና ትዕግሥትን፣ ከሁሉም በላይ ማንም በማያይበት ቦታ ግዴታን መፈጸምን ይጠይቃል። ፉከራው ስላመለጠው አውሬ ዝም በማለቱ የሙያው ግማሽ ሳይነገር ቀርቷል።

ይህ ጉዳይ በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የራሱ መልክ አለው። አገሩ ከቦረናና ከሳይንት አምባዎች ተነሥቶ ወደ ዓባይና ወደ ገባሩ ወደ በሽሎ ሸለቆዎች በድንገት የሚያዘቀዝቅ በመሆኑ፣ የገብስ ማሳ፣ የግጦሽ መስክ፣ ቁጥቋጦና ገደል በጥቂት መቶ እርምጃዎች ውስጥ ተያይዘው ይገኛሉ። ከ1,900 ሜትር አካባቢ እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የደንቆሮ ጫካ ከታች ወይራና ጽድ፣ ከፍ ሲል ኮሶና አምጃ፣ ከዚያም በላይ አስታ፣ ጓሳና ጅብራ ይዞ፣ ለምኒልክ ድኩላ፣ ለሚዳቋ፣ ለሰስ፣ ለጭላዳ፣ ለነብርና በመላ አገሪቱ 500 ገደማ ብቻ እንደ ቀረ ለሚገመተው ቀይ ቀበሮ መጠለያ ሆኗል። የአማራ ክልል ጫካውን በ2001 ዓ.ም ብሔራዊ ፓርክ ያደረገው ሲሆን፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ይጠራል። ከዚህም ቀደም ብሎ አደን በፈቃድ ብቻ እንዲሆን እ.ኤ.አ. ከ1944 የአውሬ ጥበቃ አዋጅ ጀምሮ ሲደነገግ ቆይቶ፣ በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ጸንቷል። ስለዚህ ዛሬ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ አንግቶ ድኩላ ፍለጋ የሚወጣ ሰው፣ አባቱና አያቱ አዳኝ ተብለው ቢከበሩም እንኳ፣ እርሱ ሕግ ተላላፊ ነው፤ ይህ በግልጽ ሊነገር ይገባል። አውሬ መቁሰሉ ግን በአዋጅ አልቆመም፤ ዕውቀቱም የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ቆስሎ ያመለጠን እንስሳ መከታተል የሚጀምረው በንባብ ነው። ደምና ዳና፣ ማለትም ኮቴው በመሬት ላይ የተወው አሻራ፣ ለሚያውቅ ሰው ቁስሉ የት እንዳለና እንስሳው ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ይነግሩታል። ፈካ ያለ ቀይና አረፋ ያዘለ ደም ሳንባ መመታቱን ስለሚያመለክት እንስሳው ሩቅ እንደማይሄድ ይገመታል፤ የጠቆረና የወፈረ ደም ብዙ ጊዜ የጉበት ነው፤ ደሙ ጥቂት ሆኖ አረንጓዴ ፈርስ ከተቀላቀለበትና ከሸተተ ግን ምቱ ጨጓራ ወይም አንጀት አግኝቷል ማለት ነውና፣ ከሁሉ የከፋውና ረጅሙ ስቃይ ይህ ነው። የአጥንት ስብርባሪ የታየበትና ደሙ ከጥቂት መቶ እርምጃ በኋላ የሚቋረጥ ዱካ እግር መሰበሩን ሲናገር፣ እንዲህ ያለው እንስሳ በሦስት እግሩ ብዙ አገር ሊያቋርጥ ይችላል። በአስታና በአምጃ ቁጥቋጦ ውስጥ ደግሞ ደም የሚፈለገው መሬት ላይ ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፎች ላይም ነው፤ ቅጠሉን የቀባው ደም ከመሬት ያለው ከፍታ ቁስሉ በጎን ይሁን በእግር ስለሚለይ፣ በየትኛው ወገን እንደተቀባም ጥይቱ አልፎ መውጣት አለመውጣቱን ስለሚያሳይ ነው።

የሠለጠነ ተከታታይ ዱካውን አይረግጥም፤ በጎኑ ይሄዳል፤ የመጨረሻውን የደም ነጠብጣብ ባየበት ቦታ ድንጋይ ይደረድራል ወይም ቀንበጥ ሰብሮ ያኖራል፤ ዱካው ሲጠፋበትም በዘፈቀደ ከመራወጥ ይልቅ ወደዚያ ምልክት ተመልሶ ክብ እያሰፋ ይፈልጋል። በዚህ ደጋ ላይ መሬቱ ራሱ እንደ ወቅቱ ይረዳል ወይም ይከዳል፤ በክረምት ዝናቡ ደሙን አጥቦ ይወስዳል፣ ጉሙም ከአሥር እርምጃ በላይ አያሳይም፤ በበጋ የተሰነጣጠቀ መረሬ አፈር ኮቴ አይቀበልም፤ ሰስ እንደሆነ በኮቴው ጫፍ እየቆመ በአለት ላይ የሚሄድ በመሆኑ ከገደል አፋፍ በኋላ ዳና አይተውም። ድኩላ ሲቆስል ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ፈልጎ ይተኛል፣ ሲደረስበትም በቀንዱ ይዋጋል፤ ስለ ነብር ብዙ መናገር አያስፈልግም፣ ቁጡ ሰውን እንደ ቆሰለ ነብር ሆነ የሚለው ቋንቋችን ራሱ ጉዳዩን መዝግቦታልና።

እዚህ ላይ ሙያው ከባድ ውሳኔ ይገጥመዋል። በሌላው ዓለም የተጻፉ የአደን መማሪያዎች በአብዛኛው እንስሳው ሆዱ ላይ ከተመታ ለብዙ ሰዓት እንዲታገሡት ይመክራሉ፤ ያልተባረረ ቁስለኛ በቅርብ ይተኛል፣ የተባረረው ግን ባለው የመጨረሻ ኃይል ይሸሻልና። በጀርመን ለዚህ ሥራ ብቻ የሚራቡ የደም ዱካ የሚያሸቱ ውሾች ስላሉ፣ አዳኙ እስከ ማግሥቱ ቢቆይ እንኳ ዱካው አይጠፋበትም። በቦረና ደጋ ግን ምሽቱ ፈጥኖ ይወርዳል፣ ከምሽቱም ጋር ጅብ ይወጣል፤ ለማግሥት የተተወ ቁስለኛ ገና በሕይወት ሳለ ለጅብ የተሰጠ ነው። ስለዚህ ምክሩ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም፤ ከቀኑ የቀረውን ብርሃን መቁጠርና ትዕግሥቱን በዚያ ልክ መወሰን ግድ ይላል። ከቀትር በኋላ በሩቁ ከመተኮስ መታቀብም የዚሁ ቁጥር ውጤት ነው፤ ለመከታተል ብርሃን በማይበቃበት ሰዓት የተተኮሰ ጥይት፣ ቢመታም ባይመታም፣ የሙያ ጥፋት ነው።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚያጣድፈው ደግሞ ቢላዋው ነው። የደቡብ ወሎ ሕዝብ እስላምና ክርስቲያን ተዋልዶ የሚኖርበት ሲሆን፣ ሁለቱም በየራሳቸው ያልታረደን ሥጋ አይበሉም፤ ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ይባላል፣ በክትም ርኩስ ነው። ክርስቲያኑ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ባርኮ ሲያርድ፣ ከደምና ታንቆ ከሞተ እንዲርቅ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 የተቀበለው ትእዛዝ ይመራዋል፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17ም አድኖ የያዘ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍን ታዝዟል። ሙስሊሙ የአላህን ስም አንሥቶ ያርዳል፤ ቁርኣን በአል ማኢዳ ምዕራፍ ታንቆ የሞተውን፣ ተደብድቦ የሞተውን፣ ከገደል ወድቆ የሞተውን፣ አውሬ የበላውንም ከልክሎ፣ ነፍሱ ሳትወጣ የተደረሰበትንና የታረደውን ብቻ ይፈቅዳል። በእስልምና የአደን ሕግ ስሙ ተነሥቶ በተወረወረ ጦር ወይም በተላከ የሠለጠነ ውሻ የሞተ ሊበላ ቢችልም፣ ውሃ ውስጥ ወድቆ የተገኘ ግን ምቱ ይግደለው ውሃው ስለማይታወቅ ይተዋል። ይህ ሁሉ ስለ ምግብ የተነገረ ሥርዓት ቢመስልም በአደን ላይ ያለው ውጤት ጥልቅ ነው፤ አዳኙ ደርሶ ካላረደ በአብዛኛው ሥጋውን ያጣልና፣ ሃይማኖቱ ከርኅራኄው ቀድሞ እግሩን ያፋጥነዋል። የቆሰለን ችላ ማለት በዚህ አገር ጭካኔ ብቻ ሳይሆን ብክነትም ኃጢአትም ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚሁ የሚመነጭ ሌላም ችግር አለ። ቁስለኛው የወደቀው በሌላ ሃይማኖት ተከታይ ማሳ ውስጥ ከሆነ፣ ቢላዋውን የሚይዘው ማን እንደሆነ ሥጋው የማን ማዕድ ላይ እንደሚቀርብ ይወስናል፤ አንዱ የባረከውን ሌላው አይቀምስምና። ባለማሳው ቀድሞ ደርሶ ቢያርድ አዳኙ ሥጋውን ያጣል፤ ቢጠብቅ እንስሳው ይሠቃያል። ሚዛኑን በትክክል የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቅሬታ አያነሣም፤ አስቀድሞ የደረሰው ያርዳል፣ ሥጋውም የአራጁ ወገን ይሆናል፤ የእንስሳው ስቃይ የሁለት ማዕድ ክርክር እስኪያልቅ ሊቆይ አይገባውምና።

ባለቤትነቱ ግን ከሥጋው የተለየ ጥያቄ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የአደን ልማድ ግዳዩ አስቀድሞ ደም ላፈሰሰው ሰው ነው ሲባል፣ ኋላ የደረሰው ገድሎ ቢጥለውም ክብሩን አይወስድም። ይኸው ጥያቄ የጥንት ሮማውያንን አከራክሯል፤ ትሬባቲዩስ የተባለው ሕግ ዐዋቂ አውሬውን ያቆሰለው ሰው መከታተሉን እስካላቋረጠ ድረስ ባለቤቱ ነው ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ533 የወጣው የዩስጢንያኖስ የሕግ መማሪያ ግን በእጅ ሳይገባ ብዙ ሊያጋጥም ይችላልና ካልተያዘ የማንም አይደለም ብሎ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1805 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት አንዱ ሲያባርራት የቆየችውን ቀበሮ ሌላው በገደለ ጊዜ፣ ማባረር ብቻውን ባለቤት አያደርግም ሲል ፈርዷል። ከሁሉም ይልቅ ለወሎ ገበሬ የሚቀርበው ምሳሌ በ1952ቱ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ንብ የተጻፈው ነው፤ ቀፎውን ጥሎ የወጣ የንብ መንጋ ባለቤት አልባ የሚሆነው ባለቤቱ ሳይከታተለው ሲቀር ወይም መከታተሉን ሲተው ነው። መብቱን የሚያቆየው እግሩ ነው ማለት ነው። የቀድሞው የአደን ልማድም ይህንኑ መርሕ ሊጨምርበት ይገባው ነበር፤ ደም ማፍሰስ ብቻውን ክብር ከሆነ፣ አቁስሎ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሰውም ስሙን አስጠርቶ ይኖራልና።

ከዚያ በኋላ የድንበር ጉዳይ ይመጣል። በርስት ዘመን መሬቱ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የዘር ድርሻ ነበር፤ ከየካቲት 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ወዲህ ግን የግል መሬት የለም፣ የሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ አድርጓል። ገበሬው ያለው ይዞታ፣ ማለትም የማረስ፣ የመጠቀምና የማውረስ መብት ነው። በዚህም መሠረት በማሳው ላይ የወደቀው ሚዳቋ የባለይዞታው አይደለም፤ የተረገጠው ገብስ ግን የእርሱ ነው። አውሬው የማንም ይሁን የማን፣ ሌላው ሰው ያረሰውን፣ የዘራውን፣ ያረመውን ረግጦ ማለፍ ግዴታን በበደል መክፈል ይሆናል። ተገቢው ሥርዓት አስቸጋሪ አይደለም፦ ከድንበሩ ቆሞ መጣራት፣ ባለማሳውን በወግ ሰላም ማለት፣ የሆነውን መናገር፣ መሣሪያን ለጓደኛ አስይዞ በወሰን በወሰኑ ከባለማሳው ጋር መግባት፣ የተበላሸ ሰብል ካለም መካስ። ጀርመኖች ለዚህ በሕግ የታወቀ ስያሜ ሰጥተው፣ አዋሳኝ የአደን ይዞታ ያላቸው ሰዎች ቁስለኛ ድንበር ሲሻገር ስለሚደረገው ነገር አስቀድመው እንዲስማሙ ያደርጋሉ፤ እዚህ ግን ቁስለኛው የሚሻገረው ከአዳኝ ወደ አዳኝ ሳይሆን ከአዳኝ ወደ አራሽ ስለሆነ፣ ጨዋነቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። የፓርኩ ወሰን ግን ከዚህ የተለየ ነው። እዚያ ሲደርሱ የሚጠራው ስካውቱ፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ ሲሆን፣ ተከታትሎ መግባት በምንም ምክንያት አይፈቀድም፤ ዱካውን ያውቃል የተባለው ሰው ሊሰጠው የሚችለው እርዳታ የመጨረሻውን የደም ምልክት ማሳየት ነው።

ዛሬ በዚህ አገር አብዛኛው ቁስል የሚመጣው ከጠመንጃ አይደለም። ባቄላውንና ገብሱን ከጃርትና ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ገበሬ ወንጭፍ ይወነጭፋል፣ ውሻ ይለቃል፣ ባሰበትም ጊዜ የሽቦ ወጥመድ ያጠምዳል፤ በጉን ነብር የበላበት ሰው የሚሰማው ምሬትም እውነተኛ ነው፣ በከተማ ተቀምጦ ሊነቀፍ አይገባውም። ይሁንና ወጥመድ እጅግ የከፋው መሣሪያ ነው፤ ማንን እንደሚይዝ አይመርጥም፣ ያጠመደውም ሰው በስፍራው የለም። ለጃርት የታሰበው ሽቦ የሚዳቋን እግር እስከ አጥንት ይቆርጣል፣ ወይም አይጥ ፍለጋ በጓሳው ጥግ የሚያልፈውን ቀይ ቀበሮ ይይዛል፤ ሽቦውን በጥሶ የሄደ እንስሳም ሽቦውን ይዞ ይሞታል። በአዳኙ ላይ ያለው ዕዳ በአጥማጁም ላይ አለ፤ እንዲያውም አዳኙ ያቆሰለውን ዐይቷል፣ አጥማጁ ግን ካልሄደ አያውቅም፤ ስለዚህ ወጥመዱ ጨርሶ ቢቀር ይሻላል፣ ያጠመደ ሰው ግን ቢያንስ ጎሕ ሳይቀድ ሊያየው ይገባል።

ሁሉም ጥረት ተደርጎ ቁስለኛው ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ተከታታዩ በማግሥቱ ሲነጋ ወደ መጨረሻው ምልክት ይመለሳል፣ ጆፌ አሞራ የሚዞርበትን ሸንተረር ይመለከታል፣ የጅብ ዱካ ካለም ያነባል። ካላገኘ ደግሞ ያን ቀን ወደዚያ ወገን ከብት የሚነዱትን እረኞች ፈልጎ፣ የቆሰለ ድኩላ በየትኛው ቁጥቋጦ ሊተኛ እንደሚችል ይነግራቸዋል፤ ልጆች ናቸውና፣ ለእንጨት ወይም ለጠፋ ጥጃ ሲገቡ ድንገት እላዩ ላይ እንዳይደርሱ።