የስም ድሪቶ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 ዓመት፥ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፥ በኤድስ በሽታ የሞቱት ሰዎች ስም በወረቀት ተጽፎ በመንግሥት ሕንፃ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ክሊቭ ጆንስ የተባለው ሰው ይህን ባየ ጊዜ ድሪቶ መሰለው። ከዚያም ወዳጅ ዘመድ ወርዱ 3 ቁመቱ 6 ጫማ በሆነ፥ ይኸውም በመቃብር ልክ በተቆረጠ ጨርቅ የሟቹን ስም ይሰፋ ጀመር። በ1987 ዓመት 1,920 ጨርቅ በዋሽንግተን ሜዳ ተዘረጋ።

ሠዓሊ ቢመለከተው ነቀፋ አያጣለትም፤ ቀለሙ አይስማማም፥ ጌጡ በዝቷል፥ አንዱ ስፌት ሲያምር ጎረቤቱ ጠማማ ነው። ነገር ግን የሥራው ኃይል ከዚሁ ነው። አንድ ሊቅ ብቻውን ቢያበጀው ኖሮ፥ የሟቾቹ ብዛት እንጂ ሟቾቹ አይታዩበትም ነበር። በሽታው ያን ጊዜ እንደ ነውር ይቆጠር ነበርና፥ አንዳንዱ ጨርቅ የአባት ስም ሳይጨመርበት የሟቹ ስም ብቻ አለው፤ ከጌጠኞቹም ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ይህ ነው።

ዛሬ ጨርቁ ወደ 50,000 ስለ ደረሰ ብዙ ጊዜ እየተከፈለ በየአዳራሹ ይሰቀላል። በግድግዳ ላይ ግን ሥዕል ይሆናል፤ በመሬት ሲዘረጋ ተመልካቹ በመቃብር መካከል እንደሚሄድ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።